ልጆች ሁሉ የሚንቀሳቀሱበት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ እንዴት ይመራል?

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለተማሪዎች ጠቃሚ መሆኑን በግልጽ የሚክድ ሰው ዛሬ እምብዛም አይገኝም፤ ጥያቄው በትምህርት ሰሌዳው ላይ የሰፈረው ሰዓት በእርግጥ ለልጆቹ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሜዳ የሚወጣ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ተራ በመጠበቅ፣ ማብራሪያ በመስማትና ሌሎች ሲጫወቱ በመመልከት ካሳለፈው፣ ትምህርቱ እንደተሰጠ ተደርጎ በመዝገብ ይሞላ ይሆናል እንጂ ልጆቹ አላገኙትም። ይህ መመሪያ በዋናነት ለመምህራን የተጻፈ ቢሆንም፣ ርዕሳነ መምህራንና ወላጆችም ከትምህርቱ ምን መጠበቅ እንደሚገባቸው ሊያዩበት ይችላሉ። መለኪያዬ አንድ ነው፤ ይኸውም በክፍሉ ውስጥ በስፖርት ደካማ የሚባለው ልጅ በዚያ ክፍለ ጊዜ ምን ያህል ተንቀሳቀሰ፣ ምንስ መሥራት ቻለ የሚለው ነው።

የሚፈለገው መጠንና ምክንያቱ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ማድረግ አለባቸው፤ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ልብንና ሳንባን በደንብ የሚያሠራ እንዲሁም ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሊኖርበት ይገባል። እውነታው ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ከ146 አገሮች የተሰበሰበው መረጃ እንዳመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ከነበሩት ተማሪዎች 81 በመቶ የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር፤ ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ ማለት ነው።

መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው ልጁ እየተንቀሳቀሰ ማውራት የሚችልበት፣ ነገር ግን መዝፈን የሚያቅተው ደረጃ ነው። ከፍተኛ የሚባለው ደግሞ ጥቂት ቃላት ተናግሮ ትንፋሽ ለመውሰድ የሚገደድበት ነው። ይህ መለኪያ መሣሪያ ስለማይፈልግ ለመምህር እጅግ ምቹ ነው፤ በልጆቹ መካከል እየተዘዋወሩ አጭር ጥያቄ መጠየቅና አመላለሳቸውን ማዳመጥ ብቻ ይበቃል።

እንቅስቃሴ ለልብና ለሳንባ፣ ለእንቅልፍና ለመንፈስ መረጋጋት ያለው ጥቅም በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአጥንት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በጎልማሳነቱ ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ የሚከማቸው በጉርምስና ወቅት ቁመት በፍጥነት በሚጨምርባቸው ሁለት ዓመታት አካባቢ ነው። አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያርፍበት በመሆኑ፣ ዝላይ፣ ሩጫና አቅጣጫ መቀየር ያለባቸው ጨዋታዎች በዚያ ዕድሜ የሚሠሩት ሥራ በኋላ ዘመን በቀላሉ የሚካስ አይደለም። አሳዛኙ ነገር፣ ብዙ ልጆች፣ በተለይም ሴቶች፣ ከስፖርት የሚርቁት ልክ በዚያው ዕድሜ መሆኑ ነው።

ይህ ኃላፊነት በትምህርት ቤት ላይ የሚያርፍበትም ምክንያት አለ። በቤቱ ግቢ የሌለው፣ ወላጆቹ ለስፖርት ክለብ መክፈል የማይችሉ ወይም ወደ ውጭ ብቻውን የማይለቀቅ ልጅ ያለው ዕድል ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 አውጥቶ በ2015 ባሻሻለው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን የእያንዳንዱ ሰው መሠረታዊ መብት አድርጎ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

አስቀድመው ይለኩ

ማንኛውንም ለውጥ ከማድረግዎ በፊት አሁን ያለውን ሁኔታ ይወቁ። አንድ ባልደረባዎ ሜዳው ዳር ቆመው አንድ ልጅ ብቻ እንዲከታተሉ ይጠይቁ፤ ልጁ ፈጠን ብሎ ሲራመድ፣ ሲሮጥ፣ ሲዘል ወይም ሲወረውር ሰዓቱን ያስጀምራሉ፣ ሲቆም ያቆሙታል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላ ልጅ ይመረጣል። ኳስ ከእግሩ የማይጠፋውን ልጅ መከታተል ብዙም አይጠቅምም፤ መታየት ያለባቸው ከኋላ የሚቆሙት፣ ኳስ ወደ እነርሱ ሲመጣ የሚሸሹት ናቸው። በባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ግብ ከክፍለ ጊዜው ቢያንስ ግማሹ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ጉልበት በሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ውጤቱ ከዚህ ብዙ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አይደናገጡ፤ ትልቁ ጠላት አንድ ነው፣ እርሱም ወረፋ ነው።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። 40 ተማሪዎች በሁለት ሰልፍ ቆመው በየተራ እስከ ምልክቱ ሮጠው ይመለሳሉ እንበል። አንዱ ዙር 15 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በአንድ ሰልፍ ያሉት 20 ልጆች ሁሉ እስኪዳረሱ 5 ደቂቃ ያልፋል። ስለዚህ ጨዋታው 20 ደቂቃ ቢቆይ እያንዳንዱ ልጅ 4 ጊዜ ይሮጣል፤ ይህም በድምሩ አንድ ደቂቃ ነው፣ የቀረውን 19 ደቂቃ ቆሟል። እነዚያው ልጆች በአራት በአራት ሆነው በ10 ቡድን ቢከፈሉ ግን ተራቸው በየደቂቃው ስለሚደርስ የሩጫ ጊዜያቸው 5 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሠሩ ደግሞ ግማሹን ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ሜዳው አልሰፋም፣ መምህር አልተጨመረም፤ የተለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚከተሉት ነገሮች ግልጽ ናቸው። ግጥሚያ ሲኖር በአንድ ወገን 11 ሆኖ ከመጫወት ይልቅ ሜዳውን በኮን ወይም በመስመር ከፋፍሎ ሦስት ለሦስት ወይም አራት ለአራት ማጫወት ይሻላል፤ በትንሽ ቡድን ውስጥ ማንም ተደብቆ ሊቆም አይችልም፣ ኳሱም ለሁሉም ይደርሳል። የተነካ ወይም የተሸነፈ ልጅ ከጨዋታ የሚወጣባቸውን ጨዋታዎች ጨርሶ መተው ወይም ደንባቸውን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚወጣው ልጅ ሁልጊዜ ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። የተነካው ዳር ከመቀመጥ ይልቅ አምስት ጊዜ ዘሎ ተመልሶ ይግባ።

ኳስ ያንሳል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ሆኖም ለመወርወርና ለመቅለብ በጨርቅ የተሞላ ካልሲ ለታናናሾቹ ከኳስም ይሻላል፣ ሲመታ አያምም፣ ርቆም አይንከባለልም። የመዝለያ ገመድ ረክሶ የሚገኝ፣ ትንሽ ቦታ የሚበቃው፣ ልብንና አጥንትን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ መሣሪያ ነው። እኔ በመጀመሪያው በጀት አንድ ጥሩ ኳስ ወይም ብዙ ገመድ ግዛ ብባል ገመዱን እመርጣለሁ።

አርባውን ደቂቃ ማደል

መሣሪያው ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት በቦታው ተዘርግቶ ይጠብቅ። ልብስ መቀየርና ስም መጥራት ብዙ ጊዜ ስለሚበላ፣ ስም የሚጠራው ልጆቹ ማሟሟቂያውን እየሠሩ ሳሉ ቢሆን ጥሩ ነው። ማሟሟቂያው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ የሚቆይ ሆኖ ከቀስታ ሩጫ ይጀምርና እየፈጠነ ይሂድ፤ ጉልበት ማንሳት፣ ወደ ጎን መንሸራተት፣ ክንድ ማዞርና ቀላል ዝላይ ይኑርበት። ገና ባልሞቀ ሰውነት ጅማትን ስቦ ለረጅም ጊዜ መቆየት የቆየ ልማድ ነው፤ ለመጨረሻው የማቀዝቀዣ ጊዜ ቢተላለፍ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ወደ 12 ደቂቃ ያህል ለአንድ ክህሎት ይስጡ፤ ለአንድ ብቻ። ማብራሪያው ከግማሽ ደቂቃ አይብለጥ። ሠርተው ያሳዩዋቸው፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስተውሉ ይንገሯቸው፣ ያስጀምሯቸው። ሁለተኛውን ነጥብ ከሦስት ደቂቃ ሥራ በኋላ ማከል ይቻላል። ብዙ መምህራን ደንቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ካላስረዱ ጨዋታው የሚበላሽ ይመስላቸዋል፤ ልጅ ግን ደንብን የሚይዘው እየተጫወተ ነው። ለማስቆም አንድ የፊሽካ ምልክት ይኑርና ሁሉም ሲሰማ ኳሱን መሬት አስቀምጦ እንዲቆም ከመጀመሪያው ሳምንት ያለማምዷቸው፤ ይህ ልምድ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዎን ያድንልዎታል። ቀጥሎ የተማሩትን ክህሎት የሚጠቀሙበት 15 ደቂቃ ያህል ጨዋታ ይመጣል፤ የቀረው ለማቀዝቀዝ፣ ዕቃ ለመሰብሰብና ለመታጠብ ይሆናል።

ክህሎት ራሱ መማር አለበት

መሮጥ፣ መዝለል፣ መወርወርና ሚዛን መጠበቅ ከዕድገት ጋር በራሳቸው የሚመጡ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ልጆች እነዚህን በትክክል የሚሠሩት ሲማሩና ሲለማመዱ ነው፤ በ10 ዓመቱ መወርወር ያልቻለ ልጅ በ13 ዓመቱ ኳስ ያለበትን ጨዋታ ሁሉ ይሸሻል፣ የሚሸሸውም ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ማፈሩን ስለማይፈልግ ነው። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ የክፍል ደረጃዎች ከውድድር ይልቅ ለክህሎት ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው እላለሁ።

ከራስ በላይ መወርወርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ያልተማረ ልጅ ፊቱን ወደ ዒላማው አዙሮ፣ እግሮቹን አጋጥሞ ወይም በሚወረውርበት እጅ በኩል ያለውን እግር አስቀድሞ ይወረውራል፤ ወገቡ ስለማይዞር ኃይሉ ሁሉ ከክርኑ ብቻ ይመጣል፣ ኳሱም አጠገቡ ይወድቃል። ይህን ለማረም «በደንብ ወርውር» ማለት ምንም አይጠቅምም። በቀኝ እጁ የሚወረውር ከሆነ መሬት ላይ መስመር ይስመሩለትና ግራ ጎኑን ወደ ዒላማው አዙሮ ይቁም። ከመስመሩ ፊት ለፊት አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ክብ ይሳሉና፣ ሲወረውር ግራ እግሩ ክቡን እንዲረግጥ ይንገሩት። እግሩ ቦታውን ሲያገኝ ወገብና ትከሻ በራሳቸው ይዞራሉ፣ ክርኑም ከትከሻው ጋር ይስተካከላል። ሌላው ብልሃት ዒላማውን ማራቅ ነው። ዒላማው ቅርብ ሲሆን ልጁ ሙሉ ሰውነቱን የሚጠቀምበት ምክንያት የለውም፤ ግድግዳው ራቅ ሲልና «በሙሉ ኃይልህ» ሲባል ግን መዞር ይጀምራል። ዒላማ መምታትን ከዚያ በኋላ ያስተምሩ።

በዝላይም መጀመሪያ የሚማሩት ማረፍን ይሁን። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጉልበቶቻቸው ወደ ውስጥ ሳይጋጠሙ ከእግር ጣቶቻቸው አቅጣጫ ጋር ተስተካክለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ እንዲያርፉ ይጠይቋቸው። «ድምፅህን እንዳልሰማ» የሚለው ትእዛዝ ስለ መገጣጠሚያ ከሚሰጥ ረጅም ገለጻ ይልቅ ቶሎ ይገባቸዋል።

ዳር የሚቆሙት ልጆች

በማንኛውም ክፍል ዳር የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ ለምን እንደተቀመጡ ሳይጠየቅ ወራት ያልፋሉ። አንዳንዱ የስፖርት ጫማ ወይም ቱታ የለውም። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው፤ ልብስ የለህም ተብሎ ከትምህርት የሚታገድ ልጅ ሊኖር አይገባም፣ ትምህርት ቤቱ ትርፍ ልብስ በማያሳፍር መንገድ ያዘጋጅ፣ እስኪዘጋጅም ባለው ልብስ ይሳተፍ።

የሴት ልጆች ጉዳይ ከዚህ የጠለቀ ነው። ልብስ የሚቀየርበት የተዘጋ ክፍልና ውኃ ያለው መጸዳጃ ቤት ከሌለ፣ የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ መቅረትን ብትመርጥ ሊያስገርም አይገባም። የሚጨንቃት የልብስ መቆሸሽ ሊሆን ስለሚችል ጠቆር ያለና ሰፋ ያለ ልብስ እንድትለብስ መፍቀድ ብዙ ያቃልላል። የወር አበባ በራሱ እንቅስቃሴን የሚከለክል አይደለም፣ እንዲያውም ቀላል እንቅስቃሴ የሆድ ቁርጠትን የሚቀንስላቸው አሉ፤ ሆኖም ሕመሙ የበረታባት ልጅ በጓደኞቿ ፊት ምክንያቷን እንድትዘረዝር መገደድ የለባትም። ሴቶች ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚፈልጉ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እግር ኳስ ብቻ በሚሰጥበት ቦታ አልተሳተፉም ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ውጤት መዝጋቢ ወይም ዕቃ ጠባቂ ማድረግ የደግነት መልክ ያለው ማግለል ነው። ማስተካከል የሚቻሉ አራት ነገሮች አሉ፤ የመጫወቻው ቦታ ስፋት፣ የሚጠየቀው ተግባር፣ የሚያገለግለው መሣሪያና አብረውት የሚሠሩት ልጆች ናቸው። ማየት ለሚቸግረው ልጅ ውስጡ ድምፅ የሚሰጥ ወይም ቀለሙ የደመቀ ኳስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ልጅ ደልዳላ መሬትና ሰፋ ያለ ግብ፣ ቶሎ ለሚደክመው አጠር ያለ ርቀት ይሰጠዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ልጁን ራሱን ይጠይቁት፤ ምን እንደሚችል ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ክብደቱ የበዛ ልጅ በክፍሉ ፊት መመዘን የለበትም። በሩጫ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣውን ልጅ ርቀት ሳይሆን ጊዜ ይስጡት፤ «ሜዳውን አምስት ጊዜ ዙሩ» ሲባል እርሱ ሌሎች ጨርሰው እያዩት ብቻውን ይሮጣል፣ «ለስድስት ደቂቃ በየአቅማችሁ ሩጡ» ሲባል ግን ሁሉም እኩል ይጨርሳል።

ሁለት ልማዶች ዛሬውኑ መቆም አለባቸው። አንደኛው ሁለት አለቆች ተመርጠው ተጫዋች በየተራ እንዲመርጡ ማድረግ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ልጅ ያንን ቀን አይረሳውም። ቡድኑን መምህሩ አስቀድመው በወረቀት ከፋፍለው ይምጡ። ሁለተኛው ሩጫንና ፑሽ አፕን የቅጣት መሣሪያ ማድረግ ነው። በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ልጁ እንዲወደው የምንደክምበትን ነገር ራሳችን መቀጫ ስናደርገው፣ እንቅስቃሴ ማለት ጥፋት የሚከፈልበት ዕዳ ነው ብለን እያስተማርነው ነው።

ጥንቃቄ

በዓመቱ መጀመሪያ ከወላጆች የጤና መረጃ መሰብሰብ ግድ ነው፤ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ያለባቸውን ልጆች መምህሩ ማወቅ አለባቸው። አስም ያለበት ልጅ ከስፖርት መገለል የለበትም፤ ማሟሟቂያው ረዘም ይበልለት፣ የሚነፋው መድኃኒት ክፍል ውስጥ ባለው ቦርሳው ሳይሆን ሜዳው ላይ ይሁን። ነገር ግን በእንቅስቃሴ መካከል ራሱን የሳተ ወይም ደረቱን አጥብቆ ያመመው ልጅ ሐኪም ሳያየው ወደ ስፖርት አይመለስ።

በነስር ጊዜ ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማጋደል ስሕተት ነው፤ ልጁ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይለቅ ይያዝ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ግራ የተጋባ፣ ያጥወለወለው፣ ራሱን ያዞረው ወይም የሆነውን የማያስታውስ ልጅ ደህና ነኝ ቢልም በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይገባም፤ ብቻውን አይተውም፣ ወላጆቹ ይነገራቸዋል፣ ሐኪም ያየዋል። ጠንካራ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ጥላ መምረጥ፣ ሥራውን መቀነስና ልጆቹ ሳይጠሙ ውኃ እንዲጠጡ ማድረግ ያስፈልጋል።

ክፍለ ጊዜው እንዳይወሰድ

ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ነው፤ የጎደለው የሒሳብ ትምህርት የሚካካሰውም ብዙውን ጊዜ በእርሱ ነው። ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለወላጅ ጉባኤ የሚቀርበው መልስ በልመና ሳይሆን በማስረጃ ይሁን። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2010 በርካታ ጥናቶችን መርምረው ባወጡት ዘገባ፣ ለእንቅስቃሴ የተሰጠ የትምህርት ቤት ጊዜ የተማሪዎችን ውጤት እንደማይጎዳ፣ አንዳንዴም ትኩረታቸውንና ውጤታቸውን ሊያሻሽል እንደሚችል አሳይተዋል። በዚህ ላይ መጋነን አይገባም፤ ሩጫ ሒሳብ አያስተምርም። ነገር ግን ከእንቅስቃሴ የተወሰደው ሰዓት ውጤት ይጨምራል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ሐሳባቸውን የሚደግፍላቸው ነገር አያገኙም። ዝናብ ሲጥልም ሰዓቱ አይሰረዝ፤ ወንበሮች ወደ ግድግዳ ተጠግተው በቦታ ላይ ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳትና ጥንድ ሆኖ የሚሠራ ልምምድ ማድረግ ይቻላል።

ውጤት አሰጣጥ

ውጤት ሲሰጥ ልጁን ከክፍሉ ፈጣን ሯጭ ጋር ማወዳደር፣ ቀድሞ የጎረመሰውን መሸለምና ዘግይቶ የሚያድገውን መቅጣት ነው። በ12 ዓመት ዕድሜ ያሉ ሁለት ልጆች በሰውነት ዕድገት በብዙ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ይህ ልዩነት የማንኛቸውም ጥረት ውጤት አይደለም። ስለዚህ በየመንፈቁ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ገመድ እንደዘለለ፣ በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሮጠ፣ ሲወረውር የትኛውን እግር እንዳስቀደመ በራሱ ካርድ ላይ ይጻፍ፤ በመንፈቁ መጨረሻም ያው ይደገም። ካርዱን ልጁ ራሱ ይያዘው፣ ቁጥሩን ራሱ ይሙላው፣ በግድግዳ ላይ አይለጠፍ። ከጠቅላላው ውጤት ትልቁ ድርሻ በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ለታየው መሻሻል፣ ለክህሎቱ አሠራርና ለተሳትፎ ይሰጥ፤ ካርዱ ላይ ምንም ለውጥ ያልታየበት ልጅ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው መንፈቅ ባልደረባዎ ሰዓት ይዘው መጀመሪያ የሚከታተሉት እርሱን ይሁን።